መልስ፦ ዋሽንግተን የሚባሉት ለምን አብዛኞቹ ጥቁሮች ሆኑ?

ወንድሜ፣ «ዋሽንግተን የሚባል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ጥቁር ነው፤ የጆርጅ ዋሽንግተን ባሪያዎች ዘር ናቸው እንዴ?» ብለሃል። ዓይንህ አልሳተም። እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ቆጠራ በዚህ ስም የተመዘገቡት 163,036 ነበሩ፤ 90 በመቶ ያህሉም ጥቁሮች ነበሩ።

ስሙ የመጣው ከሰሜን እንግሊዝ ነው። ደርሃም አካባቢ ዛሬም ዋሽንግተን የሚባል ከተማ አለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ዊልያም የሚባል ባላባት እዚያ ርስት ያዘና በቦታው ስም ተጠራ። የጆርጅ ቅድመ አያት ጆን ደግሞ በ1656 ቨርጂኒያ ገባ።

ጆርጅ ራሱ ልጅ አልወለደም። በ1799 ሲሞት በእርሻው 317 ባሪያዎች ነበሩ። የራሱ የሆኑት 123ቱ ነፃ እንዲወጡ ተናዟል፤ የቀሩት አብዛኞቹ የሚስቱ ወገን ንብረት ነበሩ። ዘመዶቹም ባሪያ ነበራቸው። ስለዚህ ስሙን ከጌታው የወረሰ አይጠፋም።

ሁሉም ግን እንደዚያ አይደለም። በ1865 ባርነት ሲቀር ብዙዎች ስማቸውን ራሳቸው መረጡ። ታዋቂውን መምህር ቡከር ቲ. ዋሽንግተንን እንይ። ልጅ ሆኖ ትምህርት ቤት ሲገባ ስሙ ቡከር ብቻ ነበር። ስም ሲጠራ ሌሎቹ ልጆች ሁለት ሁለት ስም እንዳላቸው ሰማና ጭንቅ ያዘው። ተራው ሲደርስ ግን ረጋ ብሎ «ቡከር ዋሽንግተን» አለ። የእንጀራ አባቱ የመጀመሪያ ስም ዋሽንግተን ነበር። ልክ እንደኛ አገር ወግ ማለት ነው!