«ጎና» እና «ገና»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለእንግሊዛዊ ጓደኛዬ «አይም ጎና ለንደን» ብዬ ብጽፍለት ሳቀብኝ። «ጎና» የ«ጎይንግ ቱ» አጭሩ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ነው፤ ግን የአንደኛው ትርጉሙ ብቻ። «ጎይንግ ቱ» ሁለት ነገር ይናገራል። በ«አይም ጎይንግ ቱ ለንደን» መንገድ ነው፤ በ«አይም ጎይንግ ቱ ስሊፕ» ግን «ልተኛ ነው» ማለት ነው፣ መንገድ የለበትም። «ጎና» ያጠረው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። ስለዚህ ከኋላው ግስ ይፈልጋል፤ የቦታ ስም አይሸከምም። «ለንደን ልሄድ ነው» ማለት ከፈለጉ «ጎ» የሚለው ግስ ራሱ ይምጣ፦ «አይም ጎና ጎ ቱ ለንደን»። ቃሉ ፈጠን ተብሎ ሲነገር ለጆሮ የኛን «ገና» ይመስላል። ገና ለሚሆን ነገር ነው ብሎ መያዝ ይቻላል።

«ቱ» ውስጡ ስላለች «ጎና ቱ ስሊፕ» ብሎ መድገም ሌላው ስሕተት ነው።

«ዎና»ም እንዲሁ ይጠንቀቁበት። ከ«ዎንት ቱ» የመጣ ስለሆነ «ኤስ» የምትጨመርበት ቦታ የለውም፤ «ሂ ዎና» ሳይሆን «ሂ ዎንትስ ቱ» ይባላል። ከዚህ የረቀቀም አለ። «ማንን ማሸነፍ ትፈልጋለህ?» ሲሉ «ሁ ዱ ዩ ዎና ቢት?» ያስኬዳል። «ማን እንዲያሸንፍ ትፈልጋለህ?» ሲሆን ግን አብዛኞቹ አያሳጥሩትም፤ «ሁ ዱ ዩ ዎንት ቱ ዊን?» ነው የሚሉት። አሸናፊው ሌላ ሰው ነውና፣ በ«ዎንት» እና በ«ቱ» መካከል የእሱ ቦታ ባዶውን ተቀምጧል። ይህን ማንም አላስተማራቸውም፤ ሲናገሩት ግን አይስቱትም።

ጥያቄ፦ «ኩዊድ»፣ «ባክ» እና «ግራንድ» ስንት ስንት ናቸው?

መልስ፦ ኩዊድ 1 ፓውንድ፣ ባክ 1 ዶላር፣ ግራንድ 1,000 (ፓውንድም ዶላርም ይሆናል)። ተማሪ የሚሰናከለው በብዙ ቁጥሩ ነው፦ «ፋይቭ ባክስ» ይባላል፤ «ፋይቭ ኩዊድ» እና «ቴን ግራንድ» ግን «ኤስ» አይጨመርባቸውም። «ኩዊድስ» የምትሰሙት «ኩዊድስ ኢን» በሚለው ፈሊጥ ነው፤ አተረፈ፣ ተጠቀመ ማለት ነው። «ፋይቨር» እና «ቴነር» ደግሞ በእንግሊዝ ባለ 5 እና ባለ 10 ፓውንድ ኖቶች ናቸው።

ጥያቄ፦ «ሃፍ ሰቨን» ላይ እንገናኝ ተባልኩ። 6:30 ነው 7:30?

መልስ፦ ቀጠሮውን የሰጠዎት እንግሊዛዊ ከሆነ በነሱ ሰዓት 7:30። «ሃፍ ፓስት ሰቨን» ነበር፤ «ፓስት» ተውጣ ነው። ጀርመንኛ በዚያው አባባል 6:30 ይላልና፣ ጀርመናዊ በእንግሊዝኛ ሲቀጥርዎ «ሃፍ ፓስት ማለትዎ ነው?» ብለው ያረጋግጡ። አሜሪካዊ አባባሉን አይጠቀምበትም።

ጥያቄ፦ አለቃዬ «ፒስድ» ነው ብለው ነገሩኝ። ተቆጣ ወይስ ሰከረ?

መልስ፦ ተናጋሪው አሜሪካዊ ከሆነ ተቆጥቷል፤ እንግሊዛዊ ከሆነ ሰክሯል። «ኦፍ» ከተከተለው («ፒስድ ኦፍ») በሁለቱም አገር ቁጣ ነው። ቃሉ ብልግና ስላለበት መስማቱ ይበቃዎታል፤ ለመናገር «አንግሪ» እና «ድራንክ» አሉ።