የዶሮ ወጡ እንቁላል ለምን ፈነዳ? የማይክሮዌቭና የጭስ መሳቢያ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ውስጥ የኩሽና ዕቃ እጠግናለሁ። ስለ ማይክሮዌቭና ስለ ጭስ መሳቢያ የሚያሳስባችሁን ጠይቁ ብዬ ነበር። ከማርቆስ፣ ከዳንግላ፣ ከሞጣ ጥያቄው ዘነበ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እነሆ።

ጥያቄ (ብዙዎቻችሁ)፦ ጨረሩ ካንሰር ያመጣል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የሚያስፈራው ስሙ ነው። ማይክሮዌቭ የሚሠራው ከሬዲዮና ከዋይፋይ ጋር አንድ ዘር በሆነ ሞገድ ነው። ምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ ያሞቃል፤ እንደ ራጅ ሕዋስን የመጉዳት ጉልበት የለውም። ማሽኑ ሲጠፋ ሞገዱም ይጠፋል፣ ወጡ ውስጥ የሚቀር ነገር የለም። በሩ ላይ ያለችው ወንፊት የመሰለች ብረት ለጌጥ አይደለችም። ሞገዱ ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ በእነዚያ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ማለፍ አይችልም። የምትጠነቀቁት ለበሩ ነው። ከተጣመመ፣ ማጠፊያው ከላላ ወይም ገጥሞ አልዘጋ ካለ አትጠቀሙበት። ጠርዙ ላይ ሽሮ ከደረቀም ጥረጉት።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ዶሮ ወጥ ከነእንቁላሉ ሳሞቅ ፈነዳብኝ። ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ማሽኑ ደህና ነው፣ እኅቴ። እኔም ቤት ደርሷል፤ ያውም በፋሲካ ማግስት። አንድ ፈረሰኛና አንድ እንቁላል ከትቼ አሞቅኩ። ውስጥ እያለ ጭጭ ብሏል። አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና በሹካ ነካ ሳደርገው «ጧ!» አለ። አስኳሉ ኮርኒስ ላይ፣ ቁሌቱ ነጭ ሸሚዜ ላይ። ዓይኔ ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እየሳቅኩ አልጽፍላችሁም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አስኳሉ ውስጥ የታፈነው ውሃ ከልክ በላይ ይግላል። ነጩ ክፍል አጥብቆ ስለያዘው እንፋሎት ሆኖ መውጣት አይችልም። ልክ ስትነኩት በአንዴ ይለቀቃል። ወጡ እንዲገባው እንቁላሉን ጫር ጫር እናደርገው የለ? ያ አይበቃም፣ እስከ አስኳሉ አይደርስም። እንቁላሉን ከወጡ አውጡት፣ ወይም ለሁለት ክፈሉት። ድንችም ከነልጣጩ ከሆነ በሹካ ውጉት።

ወፍራም ሽሮም ዘመዱ ነው፤ «ቧ» እያለ ግድግዳውን ይቀባዋል። ሳህን አዘንብላችሁ ክደኑበት፣ መሀል ላይ አውጥታችሁ አማስሉት። እንጀራ ደግሞ ጠቅልላችሁ፣ እርጥብ ንጹሕ ጨርቅ አልብሳችሁ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ። ከዚያ ካለፈ ቁርበት ይሆናል።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ቡናው ቀዝቅዞ ሲኒውን ብከተው ብልጭ ብልጭ አለ።

መልስ፦ የሲኒው ጠርዝ ወርቃማ ነው አይደል? ያ ቀለም ብረት አለበት፤ ብልጭታው ከእሱ ነው። የብረት ትሪ፣ ሹካ፣ ፎይልም እንዲሁ ናቸው። ፌስታልና የእርጎ ዕቃም አይገቡም፣ ይቀልጣሉ። መስታወት ወይም ጌጥ የሌለው የሸክላ ሳህን ይሻላል። ማሽኑንም ባዶውን አታስነሱት።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ የልጄን ጡጦ በማይክሮዌቭ ባሞቀውስ?

መልስ፦ ይቅርብዎት። ወተቱን እኩል አያሞቀውም። ጡጦው ሲነካ ለብ ያለ ይመስላል፣ መሀሉ ግን የሕፃን አፍ ያቃጥላል። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው ያሙቁት። ለሻይ ውሃ የምታፈሉም ተጠንቀቁ። ሳይንተከተክ ከመፍያው በላይ ሊግል ይችላል፤ ቅጠል ወይም ስኳር ስትጨምሩበት ገንፍሎ እጅ ላይ ይፈሳል። ከማሞቃችሁ በፊት የእንጨት ማንኪያ ጣል አድርጉበት።

ጥያቄ፦ ማይክሮዌቩን ከምጣዱ ጋር በአንድ ዲቫይደር ብሰካውስ?

መልስ፦ አይሆንም! ማይክሮዌቭ ላይ 700 ዋት ተብሎ የሚጻፈው ለምግቡ የሚደርሰው ነው። ከግድግዳ የሚስበው 1,100 ዋት ገደማ ነው። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ ከ3,000 ዋት በላይ ይበላል። ዲቫይደሩ ቀልጦ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ግድግዳው ላይ ለብቻው ሰኩት። መብራት ሲጠፋ ንቀሉት፣ ከመጣ በኋላም ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩ። ለመጠገን ግን አትክፈቱት። ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ከ2,000 ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ ይገድላል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ጭስ መሳቢያው እየሠራ ቁሌት ሳቁላላ ቤተሰቡ ሁሉ ያስላል።

መልስ፦ ቱቦው የት ነው የሚወጣው? አንድ ቤት ተጠርቼ ከላይ ያለውን ቁም ሳጥን ብከፍት ቱቦው እዚያው ውስጥ አልቋል። የገጠመው ሰው ወደ ውጭ መብሳት ሰልችቶት ነው መሰል። ፓስታው ራሱ በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር። ቱቦ የሌለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ አየሩን በከሰል ማጣሪያ አሳልፎ መልሶ ቤት ውስጥ ይለቀዋል፤ ማጣሪያው ካልተቀየረ ድምፅ ብቻ ነው።

ቅባት የሚይዘውን ወንፊት በየወሩ በፈላ ውሃና በኦሞ ዘፍዝፋችሁ እጠቡ። ቅቤና ዘይት የጠጣ ወንፊት እሳት ከያዘው ይነዳል። ከምድጃው ያለውም ርቀት እንደየሥሪቱ ቢለያይም ለኤሌክትሪክ 65፣ ለጋዝ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ሽንኩርቱ ሳይጣድ አስነሱት፣ ከጨረሳችሁም በኋላ አሥር ደቂቃ ይሥራ።

ጥያቄ (ከእንጅባራ)፦ እንግዲያው ጭስ መሳቢያው ካለ ከሰሉን ቤት ውስጥ ብናቀጣጥልስ? ብርዱን ታውቀዋለህ።

መልስ፦ አውቀዋለሁ፣ ግን አይሆንም። የሚገድለው የሚታየው ጭስ ብቻ አይደለም። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ሲያልፍ «አሁን ደህና ነው» እንላለን፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ያኔም ይወጣል። ቀለምም ሽታም የለውም። ጭስ መሳቢያው ከምድጃው በላይ ነው፣ ማንደጃው ወለል ላይ። በዚያ ላይ በርና መስኮት ከተዘጋ የሚስበው አየር አያገኝም። ውጭ አቀጣጥሉ፣ ቡናውን መስኮትና በር ከፍታችሁ አፍሉ፣ መኝታ ቤት ጨርሶ አታስገቡ። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ሁላችሁም ውጡ፣ ወደ ሕክምናም ሂዱ።

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ፣ ተማሪ)፦ ክረምት ነው፤ ማይክሮዌቩ ውስጥ ካልሲ ባደርቅበትስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይነዳል። ከነደደ ደግሞ በሩን አትክፈት፣ አየር ሲያገኝ ይብሳል። አጥፋው፣ ገመዱን ንቀል፣ ራሱ እስኪጠፋ ጠብቅ። ካልሲህን ገመድ ላይ ስቀለው።