«ማሽን ጠባቂ ሆኜ እንዳልቀር»

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። የኬሚስትሪ ዲግሪሽን ልትጨርሺ ጥቂት ቀርቶሻል። አንድ መምህር ለማስተርስ የፖሊመሮችን (ተደጋጋሚ ክፍሎች እየተያያዙ የሚሠሯቸውን ረጃጅም ሞለኪውሎች) መዋቅር በኤንኤምአር (አተሞች ማግኔት ውስጥ የሚሰጡትን ምልክት በሚያነብ ማሽን) የሚያጠና ርዕስ ሰጥተውሻል። አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ደግሞ ለጥራት ቁጥጥር ሥራ ጠርቶሻል። ጽሑፍሽን የዘጋሽው «ሁለት ዓመት ማሽን ስጠብቅ ኖሬ፣ በኋላ ማሽኑ የሌለበት ቦታ ምን ልሠራ ነው?» ብለሽ ነው።

ፍርሃትሽ ይገባኛል። ናሙና አሟሙቶ፣ ቱቦ ውስጥ ጨምሮ፣ ቁልፍ መጫን ብቻ የተማረ ሰው ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ይቸገራል። ናሙና መቀያየሩንማ ሮቦቱ ሌሊቱን ሙሉ ሳይሰለች ሲሠራው ያድራል። ሰው የሚፈለገው ውጤቱን ለማንበብ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይሽ። አንዱ ጫፉ ሜቶክሲ (–OCH₃) የሆነ ፖሊኢትሊን ግላይኮል የሚባል ፖሊመር ለካሽ እንበል። ግራፉ ላይ 3.6 ፒፒኤም (የምልክቱ ቦታ የሚለካበት አሃድ) አካባቢ አንድ ግዙፍ ፒክ (ጉብታ) ታያለሽ። 3.4 አካባቢ፣ እጎኑ፣ አንዲት ትንሽ ፒክ አለች። ትንሿ የሜቶክሲው 3 ሃይድሮጅኖች ናት። ግዙፉ የሰንሰለቱ አካል ነው፤ እያንዳንዱ ድግግሞሽ 4 ሃይድሮጅን አለው። የትንሿን ኢንተግራል (ከፒኳ ሥር ያለውን ስፋት) 3 ስትዪ ትልቁ 180 ቢመጣ፣ ለ4 አካፍዪው፦ 45 ድግግሞሽ። አንዱ ድግግሞሽ 44 ስለሚመዝን የሰንሰለቱ ሞለኪውላዊ ክብደት ወደ 2,000 ነው። አለቀ።

አሁን የዚያው ሰንሰለት ክብደት 100,000 ቢሆንስ? ትንሿ ፒክ ኖይዙ (የማሽኑ ተራ ጫጫታ) ውስጥ ትሰጥማለች። ሶፍትዌሩ ግን ምንም አያፍርም፤ ኖይዙንም ደምሮ ቁጥር ይሰጥሻል። ያኔ «ይሄ ቁጥር አይታመንም፣ በጂፒሲ (ሞለኪውሎችን በመጠናቸው በሚለይ መሣሪያ) ይለካ» የምትለዋ ልጅ ናት ሥራ የማታጣው።

እኔም ተማሪ ሆኜ በዚሁ ነገር ጉድ ሆኛለሁ። ቶሎ ልጨርስ ብዬ በፐልሶቹ (ማሽኑ ናሙናውን በሚመታባቸው የሬዲዮ ሞገዶች) መካከል ያለውን የዕረፍት ጊዜ 1 ሰከንድ አደረግሁት። ጫፍ ላይ ያሉት ሃይድሮጅኖች እንደ ልባቸው ስለሚወዛወዙ፣ ከፐልስ በኋላ ወደ ቦታቸው የሚመለሱት ከመሃሎቹ ዘግይተው ነው። ምልክታቸው ጎደለ፤ ሰንሰለቴ በወረቀት ላይ ረዘመ። «ድንቅ ፖሊመር ሠራሁ» እያልኩ ሁለት ሳምንት ስኩራራ ከረምኩ። የዕረፍት ጊዜው የዝግተኛውን ሃይድሮጅን ቲ1 (ወደ ቦታው የመመለሻ ጊዜው መለኪያ) ቢያንስ አምስት እጥፍ መሆን እንዳለበት ከዚያ ወዲህ አልረሳሁም።

ደግሞ ኤንኤምአር ብዙ መሣሪያ የማያየውን ያያል። ፖሊፕሮፒሊንን ውሰጂ። የሜቲል (–CH₃) ቡድኖቹ በአንድ ጎን ከተሰለፉ 160 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚቀልጥ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሆናል። እንደ ነገሩ ከተበታተኑ ግን ለስላሳና የሚያጣብቅ ነገር ነው። ቀመራቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው አሰላለፋቸው ነው። ይህን አሰላለፍ ማንበብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ፍራንክ ቦቪ እና ጆርጅ ቲርስ የፖሊሜቲል ሜታክሪሌትን አሰላለፍ በፕሮቶን (የሃይድሮጅን) ኤንኤምአር ለይተው አሳዩ። ለፖሊፕሮፒሊን ዛሬ የሚመረጠው ካርቦን-13 ነው። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ከካርቦን ሁሉ ካርቦን-13 የሆነው 1.1 በመቶ ብቻ ስለሆነ አንድ ልኬት ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። ናሙናው ራሱ ካልሞቀ አይሟሟም፤ 120 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው የሚለካው።

ይህ ዕውቀት የት ይፈለጋል? ሙጫ፣ ጎማ፣ ቀለምና ፕላስቲክ የሚሠሩ ሁሉ ይፈልጉታል። መድኃኒት ላይም አለ። ሰውነት ውስጥ ቀስ ብሎ እየሟሸሸ መድኃኒት የሚለቅ ፒኤልጂኤ የሚባል ፖሊመር አለ። በምን ፍጥነት እንደሚሟሽሽ ከሚወስኑት አንዱ የሁለቱ መሥሪያዎቹ፣ የላክታይድና የግላይኮላይድ፣ ድርሻ ነው፤ ያ ድርሻ የሚታወቀው በኤንኤምአር ነው።

ስለዚህ እኔ ማስተርሱ ላይ አዘነብላለሁ፤ ግን ዓይንሽን ጨፍነሽ አይደለም። መጀመሪያ እዚያ ቤተ ሙከራ ያሉ ተማሪዎችን አነጋግሪ። ማሽኑን ራሳቸው ይነኩታል? ወይስ ቱቦውን ለቴክኒሻን ሰጥተው ውጤት በኢሜይል ይጠብቃሉ? ፖሊመሩን ራሳቸው ይሠራሉ? ዲኤስሲ (ፖሊመሩ በስንት ሙቀት እንደሚቀልጥ የሚለካ መሣሪያ) እና ጂፒሲስ አብረው ይማራሉ? መልሱ «አይ፣ የእኛ ሥራ መላክ ነው» ከሆነ ፋብሪካው ይሻልሻል። እውነቴን ነው። ቢያንስ ፕላስቲክ ለምን እንደሚሰነጠቅ በዓይንሽ ታያለሽ፣ ትምህርቱም አያመልጥሽም።

ሲቪሽ ላይ ደግሞ «ኤንኤምአር እችላለሁ» የምትለዋን መስመር አጥፊያት። ማንም ይጽፋታል። «የኮፖሊመሩን (ከሁለት ዓይነት ክፍሎች የተሠራውን ፖሊመር) ድርሻ ለክቼ ሁለት የምርት ዙሮች ለምን እንደተለያዩ አገኘሁ» ዓይነት ነገር እንድትጽፊ የሚያበቃሽን ሥራ ፈልጊ።

ለመምህሩ መልስ ከመስጠትሽ በፊት አንድ የቆየ ዳታ ፋይል ለምኛቸው። አንድ ማታ ቁጭ ብለሽ ፒኮቹ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ፌዙን አስተካክዪ፣ ፒኮቹን ደምሪ፣ የሰንሰለቱን ርዝመት አውጪ። በክሎሮፎርም የተለካ ከሆነ 7.26 ላይ ያለችውን ፒክ እንዳትቆጥሪያት፤ እሷ የማሟሟያው ናት።