የሁለት ቀኑ ደስታና ሥልጠናው ያላሳየዎት ሥራ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። በአንድ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት የምተዳደር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በልጅነቴ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከወንዝ ዳር ጭቃ እያመጣሁ ላምና በሬ፣ ትንንሽ ጀበናና ምጣድ እሠራ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ግን የፈተናው ነገር አስጨንቆኝ ተውሁት፤ ከዚያ በኋላ ትምህርቱ፣ ሥራው፣ ትዳሩ ተከታተለና እጄ ከብዕርና ከኮምፒዩተር በቀር ሌላ ነገር ሳይነካ ብዙ ዓመት አለፈ። በቅርቡ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወደ አንድ የቅዳሜና እሑድ የሸክላ ሥራ ሥልጠና ወሰደችኝ። ምሳ መብላት እስክረሳ ድረስ ተመስጬ ዋልሁ፤ ማታ ቤቴ ስገባ ልጆቼ ፊቴን አይተው ምን አገኘሽ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ነገሩ መልኩን ቀየረብኝ። ጭቃ ገዝቼ በኮንዶሚኒየም ቤታችን በረንዳ ላይ የሠራኋቸው ኩባያዎች ገና ሲደርቁ ተሰነጣጠቁ። ባለቤቴ «ሠርተሽ ሽጪ፣ ገበያ አለው» ይለኛል፤ ያሳደገችኝ አክስቴ ደግሞ «ይህን ሁሉ ተምረሽ ሸክላ ሠሪ ልትባዪ ነው?» ብላ አኮረፈችኝ። እኔም ራሴን መጠራጠር ጀምሬአለሁ። ይህ እውነተኛ ዝንባሌ ነው ወይስ የሁለት ቀን ሞቅታ? በምንስ ይለያል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጨረሻ ያነሡትን ጥያቄ አስቀድመን እንመልስ፤ የቀረው ሁሉ የሚንጠለጠለው በእርሱ ላይ ነውና። በእኛ አስተያየት በሁለቱ ቀናት የተሰማዎት ደስታ እውነተኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ዝንባሌዎን ለመመዘን አይበቃም። ምክንያቱም የቅዳሜና እሑድ ሥልጠና የሚያሳየው ከሙያው በጣም ጥቂቱንና ጣፋጩን ክፍል ብቻ ነው። እርስዎ ጠረጴዛው ዘንድ ሲደርሱ ጭቃው ተዘጋጅቶ፣ ታሽቶና ለስልሶ ይጠብቅዎት ነበር። የሠሩትንም ዕቃ ትተውት ሲሄዱ ያደረቁት ሌሎች ናቸው፤ የተኮሱትም ሌሎች ናቸው፤ በእሳት ውስጥ የፈነዳ ካለም ስብርባሪውን የጠረጉት እነርሱ ናቸው። እርስዎ ያገኙት ቅርጽ የማውጣቱን ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ እጅዎ በጭቃ ስለተያዘ ስልክ አላነሡም፣ ነጥብ የሚሰጥዎ አለቃ አልነበረም፤ ጭቃውም ሲጫኑት ወዲያው እየታዘዘ የድካምዎን ውጤት በዐይንዎ አሳየዎት። ዓመቱን ሙሉ በቁጥር ሰንጠረዥ ላይ አቀርቅሮ ለሚውል ሰው ይህ ምን ያህል ዕረፍት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ስለዚህ ራስዎን መፈተን ከፈለጉ ሥልጠናው በደበቀብዎ ክፍል ይፈትኑት። አንድ ዕቃ ከአፈሩ ጀምረው እስከ እሳቱ ድረስ፣ ሙያውን ከምታውቅ ሰው አጠገብ ሆነው፣ አንድ ጊዜ ሙሉውን ይሥሩ። ለዚህ ከአዲስ አበባ መውጣት አያስፈልግዎትም። በከተማው ሰሜናዊ ክፍል በቀጨኔ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች ከጥንት ጀምሮ አሉ፤ ጀበናውን፣ ድስቱንና ምጣዱን ያለ መንኮራኩር፣ በእጃቸው ብቻ ያወጡታል። አፈሩ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውኃ ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም ከተፈጨ ገል ጋር ተደባልቆ እስኪዋሐድ ድረስ ይታሻል። ገሉ ቢታይም ባይታይም ግድ የሌለው ጭማሪ እንዳይመስልዎ፤ ተተኩሶ ያለፈ ሸክላ ስለሆነ ድጋሚ አይኮማተርም፣ በጭቃው ውስጥም እርጥበቱ የሚወጣበት ቀዳዳ ይፈጥራል፣ ድስቱ በኋላ ከእሳት ላይ ሲጣድም ሙቀቱን እንዲችል ያደርገዋል። ከሱቅ የገዙት ለስላሳ ጭቃ ይህ ከሌለበት፣ በረንዳዎ ላይ ለደረሰው ነገር አንዱ ምክንያት እርሱ ሊሆን ይችላል።

ሌሎቹ ምክንያቶች ከአደራረቁ የሚመጡ ናቸው። ጭቃ ሲደርቅ እንደ ዓይነቱ ከመቶ 5 እስከ 10 ያህል ይኮማተራል፤ አንዱ ወገን ቀድሞ ከተኮማተረና ሌላው ገና እርጥብ ከሆነ መሐሉ ላይ መሰንጠቁ አይቀርም። የኩባያ ከንፈር ስስ ስለሆነና ነፋስ ስለሚያገኘው ቀድሞ ይደርቃል፤ ታችኛው ወፍራም ነው፣ በዚያ ላይ ከሰሌዳው ጋር ተጣብቆ መንቀሳቀስ አይችልም። በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ፣ ቀኑም ነፋሻ ስለሆነ በረንዳ ለዚህ ሥራ ከቦታዎች ሁሉ የከፋው ነው። ዕቃውን ወደ ቤት ያስገቡት። ግድግዳውና መቀመጫው ተመሳሳይ ውፍረት፣ ከግማሽ ሳንቲም ሜትር ብዙ የማይበልጥ፣ ይኑረው። ከሥሩ ጋዜጣ ያንጥፉለት፤ በላዩ ላይ ፌስታል ለቀቅ አድርገው ሸፍነው ለጥቂት ቀናት ያቆዩት፤ ከንፈሩ ራሱን መሸከም ሲችል ገልብጠው በአፉ ይድፉት፤ ፌስታሉን ቀስ በቀስ ይግለጡ። ጆሮ የሚቀጥሉ ከሆነ ሁለቱም ወገን በእርጥበት እኩል በሆኑበት ሰዓት መጋጠሚያውን በሹካ ጫር ጫር አድርገው፣ ቀጭን ጭቃ ቀብተው ያጣብቁት። ችኮላ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ መሰልቸት ካለም የሚገለጠው እዚሁ ነው። ፌስታሉን በየማለዳው እየገለጡ ማየት ደስ ካለዎት፣ ለጥያቄዎ ከእኛ የተሻለ መልስ አግኝተዋል ማለት ነው።

እሳቱን በተመለከተ ግን በኮንዶሚኒየም ውስጥ ሙከራ እንዳያደርጉ አጥብቀን እናሳስባለን። የዳቦ መጋገሪያ ምድጃ የሚደርሰው 250 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፣ ጭቃ ወደ ሸክላነት የሚለወጠው ከ600 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ፣ ከአፈሩ ጋር የተዋሐደው ውኃ ለቆ ሲወጣ ነው። ከዚያ በታች የተጋገረ ዕቃ ውኃ ሲነካው መልሶ ጭቃ ይሆናል። በውስጡ ጥቂት እርጥበት የቀረበት ዕቃ ደግሞ 100 ዲግሪ ሲያልፍ እርጥበቱ ወደ እንፋሎት ተለውጦ ያፈነዳዋል፤ ሸክላ ሠሪዎች ከመተኮሳቸው በፊት ዕቃውን በፀሐይና በእሳት ዳር የሚያሞቁት ስለዚህ ነው። ከላይ ካነሣናቸው ሙያተኞች ጋር ተነጋግረው፣ በደንብ የደረቀውን ዕቃዎን ከእነርሱ ጋር በክፍያ ማስተኮስ የሚሻል መንገድ ነው።

ለቤትዎ ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የደረቀ የጭቃ አቧራ ለሳንባ ጎጂ ስለሆነ ወለሉን በመጥረጊያ አይጥረጉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉት። እጅዎንና ዕቃዎን ያጠቡበትንም ውኃ በባልዲ አጠራቅመው ጭቃው ሲዘቅጥ የላዩን ብቻ ይድፉ፤ አለበለዚያ የእርስዎና የታችኛው ፎቅ ጎረቤትዎ ቧንቧ አብሮ ይደፈናል።

ወደ አክስትዎ እንመለስ። ንግግራቸው ቢያሳዝንዎትም ከየት እንደመጣ እናውቃለን። በአገራችን በብዙ አካባቢ ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔውና አንጥረኛው መሬት እንዳይኖራቸው ተደርገው፣ በጋብቻና በማዕድ ተገልለው፣ «ቡዳ» እየተባሉ ኖረዋል፤ ሠሪዋን የናቀው ሰው ግን ያለ ጀበናዋ ቡና፣ ያለ ምጣዷ እንጀራ አልቀመሰም። በጎንደር አቅራቢያ ያለችው ወለቃ ስሟ የገነነው በቤተ እስራኤል ሴቶች የሸክላ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ እነዚያው ሴቶች ይህንኑ ስድብ ተሸክመው ኖረዋል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በእጅ ሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ነገሩ በመንግሥት ደረጃ እስከማስጨነቅ ደርሶ እንደነበረ ያመለክታል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ንቀቱ በአክስትዎ አነጋገር ውስጥ አለ።

እርሳቸውን በክርክር ለማሸነፍ ባይሞክሩ ይሻላል። ለእርስዎ ለራስዎ ግን አንድ ነገር ግልጽ ሊሆንልዎ ይገባል። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ቅዳሜ ከሰዓት ጭቃ ስትነካ «ባለ ተሰጥዖ» ትባላለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ በዚሁ ጭቃ ልጆቿን ያሳደገች እናት ግን ይህን ቃል ሰምታው ላታውቅ ትችላለች። ይህን ልዩነት እርስዎ አልፈጠሩትም፤ ሆኖም ከእርሷ ዘንድ ሲሄዱ እንደ ጎብኚ ሳይሆን እንደ ተማሪ ይሂዱ። ለሥልጠናው ማዕከል የከፈሉትን ያህል ለእርሷም ይክፈሉ፤ በጀበናዋ ዋጋም አይከራከሩ።

ባለቤትዎ በቅን ልቡና የሚሉትን ለጊዜው ያቆዩት። ስድስት ተመሳሳይ ኩባያ ቢታዘዙ ስድስቱንም አንድ ዓይነት አድርገው ማውጣት እስኪችሉ ድረስ ለገበያ አይቸኩሉ። ሁለተኛው ምክንያታችን የዋጋው ጉዳይ ነው። እርስዎ ደመወዝ ስላለዎት በኪሳራም ቢሆን ሊሸጡ ይችላሉ፤ በዚያ ዋጋ የሚጎዱት ግን በዚሁ ሥራ የሚተዳደሩት ናቸው። ገንዘብ የተጨመረበት ደስታ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ የሥራ ሰዓት ይሆናል፤ ይህን በሒሳብ ሠራተኛነትዎ ከእኛ የበለጠ ያውቁታል።

ለጊዜው የምንመክርዎ አንድ ቅርጽ ይምረጡና እርሱኑ ደጋግመው ይሥሩ ነው፤ ውኃ የማይያዝበትና ጆሮ የማያስፈልገው የእጣን ማጨሻ ለመነሻ ይመቻል። በሳምንት አንድ የታወቀ ሰዓት ይለዩለት፤ ልጆችዎም ያንን ሰዓት ይልመዱት። መሣሪያ አይግዙ፤ ያረጀ የስልክ ካርድ ለመፋቂያ፣ ማንኪያ ለመቦርቦሪያ፣ ከወንዝ የተለቀመ ለስላሳ ጠጠር ለመወልወያ ይበቃል። የተረፈው ጭቃ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በፌስታል ከታሰረ ለወራት ስለሚቆይ፣ አንድ ሳምንት ቢያመልጥዎ የሚበላሽ ነገር የለም።

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ ቨርጂንያ ነው። የእርስዎን ዓምድ የምከታተለው ከእህቴ ጋር ነው። ባለፈው ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ በሠፈራችን ማዕከል የሸክላ ሥራ መማር ከጀመርሁ ወዲህ በወጣትነቴ የነበረኝ የእጅ ሥራ ፍቅር ተመልሶልኛል። የእናቴን ጀበና አስመስዬ ሠርቼ በማዕከሉ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተተኮሰልኝ፤ አምሮም ወጣ። ቡና ላፈላበት ጋዝ ላይ በጣድሁት ጊዜ ግን ለሁለት ተሰነጠቀ። ጥፋቱ የአሠራሬ ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከአሠራርዎ ይልቅ ከጭቃው ዓይነትና ከእሳቱ መጠን ነው ብለን እንገምታለን። በእንደዚህ ያሉ ማዕከላት ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ጭቃ 1,200 ዲግሪ አካባቢ የሚተኮስ ነው፤ በዚያ ሙቀት ቀዳዳው ሁሉ ይደፈንና እንደ መስተዋት ጥቅጥቅ ይላል። ለሰሐንና ለሲኒ መልካም ነው፤ ነበልባል በአንድ ወገን ብቻ ሲነካው ግን ያ ወገን ለብቻው ስለሚለጠጥ ይሰነጠቃል። የእናትዎ ጀበና የተተኮሰው በሜዳ፣ በማገዶና በኩበት እሳት፣ ከዚህ በብዙ ባነሰ ሙቀት ነው፤ ውስጡ ቀዳዳማ ስለሆነ ሙቀቱን ይችላል።

አስተማሪዎን ሻካራ የተፈጨ ገል የበዛበትና በ1,000 ዲግሪ ገደማ የሚተኮስ ጭቃ ይጠይቁ፤ የሚያብለጨልጭ ቅብ አይቀቡት። ውፍረቱ ከሥር እስከ ሆዱ አንድ ይሁን፤ መቀመጫውንም ጠፍጣፋ አያድርጉት፤ ማዕዘን ያለበት ቦታ ቀድሞ ስለሚሰነጠቅ እንደ አገሩ ክብ ይሁንና በማቶት ላይ ይቀመጥ። እንዲህ ያለው ጀበና ለመስተዋት ገጽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አይሆንም፤ በጋዝ ላይም ቢሆን በመካከል የብረት ሳሕን ጣል አድርገው፣ ውኃ ከሞሉበት በኋላ፣ በዝግታ ያሙቁት። ከመጀመሪያው ቡና በፊት ማሟሸትዎን አይርሱ፤ የቡና አተላ በውኃ ጨምረው ደጋግመው ያፍሉበትና ይድፉት፤ ቀዳዳው እስኪጠጣና ማላቡ እስኪቀንስ ድረስ ይቀጥሉ። ሙቅ ሆኖ ሳለ ቀዝቃዛ ውኃ አይጨምሩበት።