ሞረድ ለሰለቻት ተለማማጅ

አንድ ትልቅ የአውሮፕላን አምራች ድርጅት ውስጥ በተለማማጅነት የገባች ልጅ ጻፈችልኝ። «ዲዛይን ልማር ነው የገባሁት። ወራት ሙሉ ግን ሞረድና ትራፓኖ ይዤ፣ ብረት የሚታሰርበት ሞርሳ ላይ ቆሜ ነው የምውለው። ጊዜዬን እያባከንኩ ይሆን?» ትላለች። ጥያቄሽ እንቅልፍ ነሳኝ፣ ልጄ። እንዳንቺ ያሉትንም እያሰብኩ ነው የምመልስልሽ።

እኔም ተለማማጅ ሳለሁ ከክፍል ክፍል ያዟዙሩን ነበር። ወርክሾፕ፣ ሙከራ፣ ጥራት ቁጥጥር፣ በመጨረሻ ዲዛይን ቢሮ። ክንፍ የሚገጣጠምበት ክፍል ስደርስ አንድ አንጋፋ ቴክኒሻን ዘንድ ተመደብኩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሥራቸው ሪቬት መምታት ነው፤ ሪቬት ላሜራን ከላሜራ የሚያያይዝ፣ ሲመታ ጫፉ የሚሰፋ አጭር ምስማር መሰል ነገር ነው።

ሪቬት ለመምታት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ከውጭ በአየር በሚሠራ መምቻ ይመታል፤ ሌላው ከውስጥ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል። መሃላቸው ላሜራው ስላለ አይተያዩም። ጩኸቱም አያነጋግርም። የሚግባቡት በማንኳኳት ነው። ከውስጥ ያለው አንዴ ካንኳኳ «ጨምር» ማለት ነው። ሁለቴ «ጥሩ ነው»። ሦስቴ «ተበላሽቷል፣ ይውጣ»።

ጋሼ ከውጭ፣ እኔ ከውስጥ ነበርን። 4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሪቬት ሲመታ በእኔ በኩል የሚፈጠረው ጭንቅላት ወደ 6 ሚሊሜትር መስፋት፣ 2 ሚሊሜትር ያህል ከፍ ማለት አለበት። ካነሰ በደንብ አይዝም፤ ከልክ በላይ ከተመታ ላሜራውን ይጎዳል። ፍርዱ የእኔ ነበር፣ ገና ትናንት የገባሁት ልጅ። አንድ ቀን ሦስቴ አንኳኳሁ። አለቃችን የምንገጣጥመው የክንፍ ክፍል፣ ፓነሉ፣ ዛሬ ካልወጣ ብሎ ላያችን ላይ ቆሟል። ጋሼ አላቅማሙም። ትራፓኖውን አንስተው ሪቬቱን ሰርስረው አወጡት። «የሚያየው ከውስጥ ያለው ነው» አሉት አለቃውን። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን የተከበርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አንዳንዱ ሪቬት ደግሞ በፍሪዘር ነው የሚቀመጠው። ይህን ስትሰሚ ይገርምሽ ይሆናል። አሉሚኒየሙ በሙቀት ታክሞ ከቀዘቀዘ በኋላ በራሱ ጊዜ እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ ብርዱ ለስላሳነቱን ያቆይለታል። ከወጣ በኋላ ቶሎ መመታት አለበት። ሮጬ የማመጣው እኔ ነበርኩ። ጋሼም ሰዓታቸውን እያዩ ይጠብቁኛል።

አሁን ወደሚቆጨኝ ነገር ልምጣ። ጋሼ ላሜራ ሲገጥሙ ከአንድ ጫፍ ጀምረው ወደ ሌላው አይሄዱም። ከመሃል ይነሳሉ። ወደ ግራ ትንሽ፣ ወደ ቀኝ ትንሽ እያሉ ወደ ዳር ይወጣሉ። በየቀኑ አያለሁ። ለምን ብዬ ግን አልጠየቅኳቸውም። ልቤ ላይኛው ፎቅ፣ ዲዛይን ቢሮ ነበር። ወደዚያ ስዛወር «ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ በል፣ የማሳይህ ነገር አለ» አሉኝ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ጡረታ ወጡ።

ከዓመታት በኋላ አንድ አዲስ ፓነል ወርክሾፑን አስቸገረ። ተመትቶ ሲያልቅ ላሜራው ያብጣል፤ በጣት ሲጫኑት ጧ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባና ተመልሶ ይወጣል። ስዕሉን መረመርን። ሒሳቡን ደጋገምን። ልክ ነው። ስዕሉ የቀዳዳውን ቦታና የሪቬቱን ዓይነት ይናገራል፤ የቱ ቀድሞ ይመታ ግን አይልም። ለካ ችግሩ እዚያ ነበር። ሪቬት በተመታ ቁጥር ላሜራውን በጥቂቱ ይገፋዋል። ዳር ዳሩ ቀድሞ ከተያዘ የተገፋው መውጫ አጥቶ መሃል ላይ ይጠራቀማል። ይህ የገባኝ የጋሼ እጆች ትዝ ሲሉኝ ነው። ላመሰግናቸው ሳፈላልግ በሕይወት አልነበሩም። ሊያሳዩኝ የፈለጉት ይሄንን ይሁን ሌላ፣ ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

የዛሬ ልጆች ትቸኩላላችሁ። ሥራውን በቪዲዮ ስላያችሁት የሠራችሁት ይመስላችኋል። ግን ከእኛ የምትሻሉበትም አለ፤ ትጠይቃላችሁ። እኛ ታላቅን «ለምን?» ማለት ድፍረት ይመስለን ነበር። አንቺ ለእኔ ለማታውቂኝ ሰው ከጻፍሽ፣ አጠገብሽ ያለውን ቴክኒሻን መጠየቅ አያቅትሽም።

ሞረዱ ለምን ይጠቅማል ላልሽው፣ እጅሽንና ዓይንሽን የት ድረስ ማመን እንዳለብሽ ያስተምርሻል። እ.ኤ.አ. በ1990 የብሪቲሽ ኤርዌይስ አውሮፕላን በረራ ላይ ሳለ የአብራሪው የፊት መስታወት ተነቅሎ ሄደ። ዋና አብራሪው ግማሽ አካሉ ወደ ውጭ ተሳበ። የበረራ ሠራተኞች እግሩን ይዘው አቆዩት፤ ረዳቱ አሳረፈ፤ ደግነቱ ሁሉም ተረፉ። መስታወቱ ከተቀየረ ገና 27 ሰዓቱ ነበር። ከ90 ብሎኖች 84ቱ ከሚፈለገው ልክ በ0.66 ሚሊሜትር ገደማ የቀጠኑ ነበሩ። የተመረጡት በዓይን ከአሮጌው ጋር ተመሳስለው ነበር። አንቺ ሞርሳ ላይ ቆመሽ የአንድ ሚሊሜትር ክፋይ ለማስተካከል ስትለፊ የምትውይው ለዚህ ነው።

ስለ ሰዓት ማክበርና ስለ መከላከያ መነጽር አልጽፍልሽም፤ ታውቂዋለሽ። ወርክሾፕ ውስጥ ቆዪ እያልኩ ስመክርሽ ግን እውነቱን ልንገርሽ፦ ዲዛይን ቢሮ ባልገባ ኖሮም ይቆጨኝ ነበር። ሁለቱን ማስታረቅ እስካሁን አልቻልኩም።

ቀጣይ ክፍልሽን ምረጪ ካሉሽ ጥራት ቁጥጥር በይ። ብዙ ሰው ስለማይፈልገው በቀላሉ ታገኚዋለሽ። ከየክፍሉ ውድቅ የሆነው ሥራ ሁሉ የሚመጣው እዚያ ነው። የቱ ቀዳዳ ለመሰርሰሪያ እንደማይመች፣ የቱ ጠባብ ልኬት፣ ማለትም ለስህተት እምብዛም ቦታ የማይተው ልክ፣ ያለ ምክንያት ሰው እንደሚያለፋ በዓይንሽ ታያለሽ። ስዕል መሥራት ስትጀምሪ ጠባብ ልኬት የምትጽፊው የግድ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ ይሆናል።