የአንባቢያን ጥያቄ፦ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ስንመርጥ ከመውጫው እንጀምር

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ናቸው። ሥራ ይዟቸው ከአገር አገር የሚዞሩ ቤተሰቦችም ጽፈዋል፣ በገዛ አገራቸው ተቀምጠው ልጆቻቸውን እዚያ ማስገባት የሚፈልጉም ጽፈዋል። የሁለቱ ጭንቀት አንድ አይደለም። ትምህርት ቤቱ ግን ለሁለቱም የሚሰጠው ያንኑ ብሮሸር ነው። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገን አምስት መርጠናል።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ሥራ በየሁለትና ሦስት ዓመቱ አገር ያስቀይረናል። የ6 ዓመት ሴትና የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። አይቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት የሚሉት ካሪኩለም) ይሻላል፣ የእንግሊዙ ወይስ የአሜሪካው? የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የራሱን ልጆች ትምህርት ቤት ነው የሚያወድሰው፤ ግራ ገብቶኛል። *የሁለት ልጆች እናት*

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የሁለቱን ልጆች ጉዳይ ነጥለሽ እይው። የትንሿ ቀላል ነው። ማንበብ በደንብ የሚያስተምሯት፣ በፍቅር የሚቀበሏት መምህራን ካገኘች የካሪኩለሙ ስም በ6 ዓመቷ ይህን ያህል ለውጥ አያመጣም። ለቤት የሚቀርበውን ምረጪላትና ጭንቀትሽን ለወንድሟ አስቀምጪው።

እሱ ጋ ነገሩ ይከብዳል። በ13 ዓመቱ ትልልቆቹ ፈተናዎች ደጃፉ ላይ ናቸው። በእንግሊዙ መንገድ ከ14 እስከ 16 ዓመት ባለው ጊዜ በፈተና የሚያልቅ የሁለት ዓመት ትምህርት፣ አይጂሲኤስኢ የሚባለው አለ፣ ቀጥሎ ሌላ ሁለት ዓመት ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ኤ ሌቭል ይመጣል። አይቢም የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት የዲፕሎማ ፕሮግራም ብሎ ለብቻ ይይዛቸዋል። እነዚህ ጥቅሎች መሃል ላይ ከተቆረጡ ጣጣ ነው። ልጁ አይጂሲኤስኢን አንድ ዓመት ተምሮ ሌላ አገር ቢሄድ፣ አዲሱ ትምህርት ቤት ያንኑ አይጂሲኤስኢ ቢሰጥ እንኳ በታሪክ የሚጠናው ዘመን ሌላ፣ በሥነ ጽሑፍ የሚነበበው መጽሐፍ ሌላ፣ ፈታኙ ድርጅትም ሌላ ሊሆን ይችላል። በዲፕሎማው ሁለተኛ ዓመት ተዛዋሪ ተማሪ መቀበል የማይፈልጉም ብዙ ናቸው። ስለዚህ «የቱ ካሪኩለም?» ከማለትሽ በፊት ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ቀጣዩ ዝውውር ልጁ አይጂሲኤስኢ ሳይጀምር፣ ወይም ጨርሶ 16 ዓመት ሲሞላው እንዲሆን አሠሪውን መጠየቅ ይቻላል ወይ? በልጅ ትምህርት ምክንያት ጥቂት ወር ማራዘም ብርቅ አይደለም። ካልጠየቃችሁ ግን ማንም አያስብላችሁም። ይሄ አንድ ጥያቄ፣ በእኔ እይታ፣ ከካሪኩለም ምርጫው ይበልጣል።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልመለስ። አይቢ በፈረንጆቹ 1968 ጄኔቫ ላይ ሲቋቋም ዋና ሐሳቡ እንደ እናንተ ለሚዘዋወሩ ልጆች በብዙ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ዲፕሎማ መስጠት ነበር። ተማሪው 6 ትምህርት ይይዛል፣ እያንዳንዱ ከ7 ይታረማል። እስከ 4,000 ቃል የሚደርስ የጥናት ጽሑፍም ይጽፋል። ከእሱና «የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ» ከሚሉት ኮርስ እስከ 3 ነጥብ ስለሚጨመር ጣሪያው 45 ነው። ዲፕሎማውን ለማግኘት ቢያንስ 24 ያስፈልጋል። ሁሉንም ትምህርት በመጠኑ የሚወድ፣ ሥራውን ሳያዝረከርክ የሚሠራ ልጅ ይመቸዋል። ሒሳብ ሲባል ሆዱን የሚቆርጠው ልጅ ግን እስከ መጨረሻው ቀን አይገላገለውም፤ ግዴታ ነው።

ኤ ሌቭል ተቃራኒው ነው። አብዛኛው ተማሪ 3 ትምህርት ብቻ ይዞ ጠልቆ ይማራል። ምን መሆን እንደሚፈልግ ለሚያውቅ ልጅ እፎይታ ነው፣ ለማያውቀው ደግሞ በ16 ዓመቱ በሮችን በገዛ እጁ መዝጋት ነው። በአሜሪካው መንገድ የአራት ዓመት የክፍል ውጤት ይጠራቀማል። አንድ ክፉ የፈተና ቀን ሁሉን አያጠፋም፣ መሃል ላይ ትምህርት ቤት መቀየርም ከሌሎቹ ይቀላል። ነገር ግን ብዙ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የሃይስኩል ዲፕሎማ ብቻውን አይበቃንም ይላሉ፤ ኤፒ የሚባሉትን፣ በየትምህርቱ የሚሰጡና ከ1 እስከ 5 የሚታረሙ ከፍ ያሉ ፈተናዎች ደርበው ይጠይቃሉ።

ልጁ ዩኒቨርሲቲ የት ሊገባ እንደሚችል ሁለት ወይም ሦስት አገር ጻፉና ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለምሳሌ ጀርመን የአይቢ ዲፕሎማን የምትቀበለው ተማሪው የያዛቸው ትምህርቶች ቅንጅት የራሷን መስፈርት ካሟላ ነው። ይሄን በ18 ዓመቱ ሳይሆን ትምህርት በሚመርጥበት በ16 ዓመቱ ማወቅ አለባችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከአሜሪካው ወደ እንግሊዙ ስትሄዱ ልጁ ከ6ኛ ተነስቶ «7ኛ ዓመት» ቢገባ ክፍል አዘለሉት ብለሽ እንዳትደሰቺ። የእንግሊዙ አቆጣጠር አንድ ቁጥር ይቀድማል። የሚያጨርሰውም 13ኛ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ የትም አንሄድም፣ አገራችን ላይ ነን። ሰፈራችን የተከፈተ ትምህርት ቤት «ኢንተርናሽናል» ይላል፣ በሩ ላይ የእንግሊዙን ፈታኝ ድርጅት የካምብሪጅን አርማ ለጥፏል፣ «የአይቢ ካንዲዴት ነን» ይላል። እንዴት ነው እውነቱን የማጣራው? *ጠርጣራው አባት*

መልስ፦ ጥርጣሬዎን ወድጄዋለሁ። «ኢንተርናሽናል» የሚለው ስም ባለቤት የለውም፣ በብዙ አገር ማንም ለጥፎት ማደር ይችላል። የካምብሪጅ አርማ ትምህርት ቤቱ ፈተናውን ለመስጠት ተመዝግቧል ማለት እንጂ ካምብሪጅ ያስተዳድረዋል፣ መምህራኑን ይቀጥራል ማለት አይደለም። «ካንዲዴት» ደግሞ አመልክተናል፣ እየተዘጋጀን ነው ማለት ነው። ፈቃዱ ሊመጣም ላይመጣም ይችላል። ከመጣም አይቢ ፈቃድ የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ለየብቻ ነው። የታችኛ ክፍሎችን የተፈቀደለት ትምህርት ቤት የመጨረሻውን ዲፕሎማ ላይኖረው ይችላል። ይሄ ብዙ ወላጅ የሚሸወድበት ቦታ ነው፤ ልጁ 10ኛ ክፍል ሲደርስ ነው ነገሩ የሚገለጠው።

ትልቁ እውቅና ሙሉ ትምህርት ቤቱን መርምሮ የሚሰጠው ነው፤ ሲአይኤስ፣ ኒያስክ፣ ኮግኒያ የሚባሉት ድርጅቶች የሚሰጡትን ዓይነት። እዚህም ላይ ንቁ። የሲአይኤስ አባል መሆንና በሲአይኤስ እውቅና ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ብሮሸሩ ግን አያለያያቸውም። ትምህርት ቤቱን አይጠይቁ። የድርጅቱን ድረ ገጽ ከፍተው ስሙን ፈልጉ። እዚያ ከሌለ የለም፣ አለቀ።

ከዚያ የፈተና ውጤት ጠይቁ። የአንዷን ጎበዝ ተማሪ ፎቶ አይደለም። ስንት ልጆች ተፈተኑ፣ አማካዩ ስንት ነው፣ ስንቶቹ ከፈተናው በፊት «ለአንተ ይከብድሃል» ተብለው ቀሩ? የመጨረሻዋን ጥያቄ ሲሰሙ የምዝገባ ሠራተኛው ፊት ምን እንደሚመስል ልብ ብለው ይዩ።

ለእናንተ ለአገሬው ሰዎች ደግሞ የውጭ ዜጋው የማያስጨንቀው ሌላ ጉዳይ አለ። ልጁ ነገ ብሔራዊ ፈተና መውሰድ ቢፈልግ ይችላል? ሰርተፊኬቱን የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ያለ ችግር ይቀበለዋል ወይስ አቻ ግመታ ይጠይቃል? መልሱን ከትምህርት ቤቱ አፍ ሳይሆን ከሚመለከተው የመንግሥት ቢሮ ስሙ፣ ቢቻል በጽሑፍ። ልጁ ውጭ አገር ይማራል ብላችሁ አቅዳችሁ ሐሳባችሁ ቢለወጥ የሚመለስበት መንገድ ሊኖር ይገባል።

ጥያቄ፦ ልጄ 5 ዓመቷ ነው። ከገባች ሦስት ወር ሆናት፣ ክፍል ውስጥ አፏን አትከፍትም። መምህሯ «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ አውሯት» አለችን። እኛም ጀመርን፤ አሁን ቤትም ዝም ማለት ጀምራለች። *የተጨነቀች እናት*

መልስ፦ አቁሚ። ዛሬውኑ ወደ ቤታችሁ ቋንቋ ተመለሱ።

አዲስ ቋንቋ ውስጥ የገባ ሕፃን ለወራት ዝም ማለቱ የታወቀ ነገር ነው። ዝም ብላ ግን እየሰማች ነው። «መስመር ያዙ» ሲባል ከቆመች፣ «ቀዩን አምጪ» ስትባል ቀዩን ካመጣች ሥራዋን እየሠራች ነው። መምህሯን የምትጠይቂው ይህንን ነው፦ ትረዳለች ወይ? ከልጆች ጋር ትጫወታለች ወይ? ሁለቱም አዎ ከሆነ ታገሺ። ካልሆነ፣ ወይም በራሳችሁም ቋንቋ ወደ ኋላ የቀረች ከመሰለሽ፣ ባለሙያ ይያት።

በካናዳ የሚሠሩት የቋንቋ ትምህርት ምሁር ጂም ከሚንስ ካስተማሩን አንዱ የጨዋታ ቋንቋና የትምህርት ቋንቋ እኩል እንደማይደርሱ ነው። ልጅ ሜዳ ላይ በሁለት ዓመት ገደማ ውስጥ አቀላጥፎ ያወራል፤ የሳይንስ መጽሐፍ አንብቦ ከእኩዮቹ እኩል ለመጻፍ ግን ከ5 እስከ 7 ዓመት ሊወስድበት ይችላል። በመጀመሪያ ቋንቋው ያዳበረው ችሎታም ለሁለተኛው ይጠቅመዋል እንጂ አይሻማውም። እናት በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ብላ፣ ተኛ» ከምትል በሚጥማት ቋንቋ ተረት ብታወራ፣ ብትከራከር፣ ብታሳስቅ ልጁ የበለጠ ያተርፋል። (እንዲያውም «ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ ብቻ» የሚል ምክር የሚሰጥ ትምህርት ቤት ስለ ሁለት ቋንቋ ልጆች ያለው ዕውቀት ያጠራጥረኛል።)

ገና ትምህርት ቤት እየመረጣችሁ ያላችሁም ይህን ጠይቁ፦ ለቋንቋ ጀማሪዎች የተለየ መምህር አለ? ልጁን ከክፍል አውጥቶ ነው የሚያስተምረው ወይስ ክፍል ገብቶ ያግዛል? ክፍያው ለብቻ ነው? የልጁስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቦታ አለው? አይቢ ውስጥ በዲፕሎማው ዓመታት መምህር የሌለው ቋንቋ ቢሆንም ተማሪው በትምህርት ቤቱ ድጋፍ ራሱን እያስተማረ የራሱን ቋንቋ ሥነ ጽሑፍ አንድ ትምህርት አድርጎ የሚይዝበት መንገድ አለ። ግን ለዚያ ለመድረስ ልጁ በቋንቋው ማንበብና መጻፍ መቻል አለበት፣ እሱ ደግሞ የሚጀመረው አሁን፣ እናንተ ቤት ነው።

ጥያቄ፦ የዓመቱን ክፍያ አይተን እንችላለን ብለን ነበር። ደረሰኙ ሲመጣ ሌላ ሆነ። ምን ምን ነው የሚደበቀው? *ኪሱ የሳሳ*

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አይደበቅም፣ ገጽ 11 ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ይቀመጣል። የማመልከቻና የመግቢያ ፈተና ክፍያ (ልጁ ባያልፍም አይመለስም)፣ የመመዝገቢያ፣ ተቀማጭ፣ ለሕንፃ ማስፋፊያ የሚባል፣ ሰርቪስ፣ ምሳ፣ ዩኒፎርም፣ ላፕቶፕ፣ ጉዞ፣ የቋንቋ ድጋፍ። የአይጂሲኤስኢ፣ የኤ ሌቭልና የአይቢ ፈተና ክፍያም ብዙ ቦታ ለብቻው ነው፣ የሚመጣውም መጨረሻ ላይ፣ ለማመልከቻም ለቪዛም ገንዘብ በሚያስፈልጋችሁ ዓመት። ክፍያው በምን ገንዘብ እንደሚተመን እዩ፤ ደመወዛችሁ በአንድ ገንዘብ፣ ሒሳቡ በሌላ ከሆነ ምንዛሪው በተነቃነቀ ቁጥር እናንተ ናችሁ የምትከፍሉት።

ኮንትራቱ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ፈልጉ። አንደኛው ልጁን ለማስወጣት ስንት ጊዜ ቀድማችሁ ማሳወቅ እንዳለባችሁ የሚናገረው ነው። አንድ ሙሉ ተርም የሚጠይቁ አሉ፤ ካላሳወቃችሁ የተርሙን ክፍያ ትከፍላላችሁ። ሁለተኛው ተቀማጩ በምን ሁኔታ እንደሚመለስ የሚናገረው። አሠሪ የሚከፍልላችሁም አትዘናጉ። ሥራው መሃል ላይ ቢቋረጥ የቀረውን ማን ይከፍላል? ፊርማው የእናንተ ከሆነ እዳውም የእናንተ ነው።

ጥያቄ፦ ነገ ልጎበኝ ነው። ምን ልይ? *ቸኩሏል*

መልስ፦ መዋኛ ገንዳውን ያሳዩሃል፣ ተወው። የተማሪዎች ሽንት ቤት ግባ፤ በሩ ይዘጋል? ሳሙና አለ? የ4ኛ ክፍል ደብተር እንዲያሳዩህ ለምን፣ ከመሃል ግለጠው። ከስህተቱ አጠገብ መምህሩ አስተያየት ጽፏል ወይስ ገጹ ሁሉ ምልክት ብቻ ነው? በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ አምስት ደቂቃ ቁም። አዲስ ገቢው ልጅ ብቻውን ነው የቆመው?

ዳይሬክተሩን ባለፈው ዓመት ስንት መምህራን እንደለቀቁ ጠይቀው። ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች አብዛኛውን ጊዜ መምህር የሚቀጥሩት በሁለት ዓመት ኮንትራት ስለሆነ መልቀቅ ያለ ነው፣ ግማሹ በየዓመቱ ከሄደ ግን የሆነ ነገር አለ። ሠራተኛ ሲቀጥሩ ቀድሞ ከሠራባቸው አገሮች ሁሉ የፖሊስ ማረጋገጫ ያስመጣሉ ወይ? አንድን ልጅ ሰው ቢያስቸግረው ልጁ ለማን ነው የሚናገረው? ይሄንን ለዳይሬክተሩ ብቻ አትጠይቅ፤ በመንገድህ ያገኘኸውን አንድ ተማሪም ጠይቅ። ችግሩን የሚነግረውን ሰው ስም ወዲያው ከጠራልህ ፎርሙን ይዘህ ውጣ።