የደለል ውፍረት ምድር ማበጧን ይመሰክራል?

ጠያቂያችን ያነሡት ነጥብ ይህ ነው፦ በአህጉራት ላይ የደለል አለት ብዙ ኪሎ ሜትር ውፍረት አለው፤ በውቅያኖስ ወለል ላይ ግን በአማካይ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም። እንግዲያው ውቅያኖሶች ዘግይተው የተከፈቱ ናቸው፣ ምድርም ቀድሞ ትንሽ ነበረች ማለት አይደለምን?

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። እኔም ተማሪ ሳለሁ ምድር እያበጠች መጥታለች የሚለውን የአውስትራሊያዊውን የሥነ ምድር ሊቅ የሳሙኤል ዋረን ኬሪን ሐሳብ አንብቤ ለወራት አምኜበት ነበር። እምነቴን መጀመሪያ ያናጋው ራሴ የሠራሁት የልኬት ስሕተት ነው። ከአንድ ገደል ሥር ጀምሬ ንብርብሩን በዘንግ እየለካሁ ወጣሁና 240 ሜትር ብዬ መዘገብኩ። በማግስቱ መምህሬ ከገደሉ አጋማሽ በላይ ዛጎል የሞላበት ስስ ንብርብር አሳይተውኝ «ይህን ትናንት ከታች አላየኸውም?» አሉኝ። ለካ አለቱ ተሰንጥቆ አንዱ ወገን በሌላው ላይ ተንሸራቶ ኖሯል፤ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ውፍረት ሲነገረኝ የት፣ በስንት ዘመን፣ ከየት በመጣ ደለል ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም። ደለል ከአንድ ቦታ ተሸርሽሮ ሌላ ቦታ የሚያርፍ ነው፤ በምድር ላይ አንዲት ግራም አይጨምርም።

ከየብስ ርቆ በጥልቁ ባሕር የሚያርፈው ቀይ ሸክላ በሺህ ዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ቢደርስ ነው። በ150 ሚሊዮን ዓመት 150 ሜትር መሆኑ ነው። የጥቃቅን ፍጥረታት ኖራማ ቅርፊት በሚዘንብበት ቦታ ክምችቱ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይፈጥናል። በቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ከሂማላያ የወረደው ጭነት ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ ተቆልሏል።

ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ በ1968 ደቡብ አትላንቲክን ስትቆፍር፣ ከውቅያኖሱ መካከለኛ የተራራ ሰንሰለት በተራቀ ቁጥር በወለሉ ላይ በቀጥታ ያረፈው ደለል ዕድሜ እየጨመረ ሲሄድ ተገኘ። ወለሉ ወጣት ነው፤ በዚህ ኬሪም ተቃዋሚዎቹም ይስማማሉ። ክርክሩ አሮጌው ወለል ወዴት ሄደ የሚለው ላይ ነው። የኬሪ መልስ «ከመጀመሪያውም አልነበረም» ወደሚለው ያመራል።

እዚህ ላይ ደለሉ ራሱ ይቃወመዋል። በጃፓን ተራሮች ውስጥ ራዲዮላሪያ ከሚባሉ የባሕር ጥቃቅን ፍጥረታት የተሠራ፣ የየብስ አሸዋ በማይደርስበት ጥልቅ ባሕር የተከማቸ፣ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቸርት የተባለ ጠንካራ አለት አለ። ወለሉ ከየብሱ ሥር ሲሰጥም ተፍቆ የቀረ ነው። የበለጠ የሚያስደንቀኝ ግን ቤሪሊየም-10 የተባለው ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ነው። የጠፈር ጨረር በአየር ውስጥ ይፈጥረዋል፣ ከባሕር ደለል ጋር ይቀመጣል፣ በ1.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ይኸው ንጥረ ነገር በአሉሺያን ደሴቶችና በመካከለኛው አሜሪካ እሳተ ገሞራዎች ትኩስ ላቫ ውስጥ ተገኝቷል። ደለሉ ወርዶ፣ ቀልጦ፣ ሳያረጅ ተመልሶ ወጥቷል ማለት ነው። ወለል አይሰጥምም የሚል ሰው ይህን በምን ያስረዳል?

ሒሳቡም ቀላል ነው። የአህጉር ቅርፊት ከምድር ገጽ 40 በመቶ ያህሉን ይይዛል። እርሱ ብቻውን ሉሏን እንዲሸፍን ራዲየሷ ከ6,371 ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ማነስ አለበት። ክብደቷ ያው ከሆነ የስበቷ ጉልበት የዛሬውን ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል በሆነ ነበር፤ ዳይኖሰሮቹን አሰብኳቸው። በ180 ሚሊዮን ዓመት ለማደግ ደግሞ በዓመት 13 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። በ2011 የታተመው የናሳ ጥናት ያገኘው የራዲየስ ለውጥ በዓመት 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ የልኬቱ የስሕተት ወሰን 0.2 ስለሆነ ከዜሮ አይለይም።

አንድ ነገር ግን ላስቸግርዎ፦ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚለውን አማካይ ያገኙበት ካርታ የአህጉራትን ጠርዝ ያካተተ መሆኑን ቢያዩልኝ። ወፍራሙ ክምችት ያለው እዚያ ስለሆነ፣ ጠርዙ ሲጨመር ቁጥሩ ከፍ ይላል።